ሙቀት አገር ላይ ፕለጊን ሃይብሪድ፦ ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው የትኛው መንገድ ይሻላል?

ጁላይ 7 ቀን 2024 ላስ ቬጋስ 48.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገባች። በከተማዋ እስከዚያ ቀን ከተመዘገበው ሁሉ ከፍተኛው ሙቀት ነበር። እኔ ያን ቀን ሥራ ላይ ነበርኩ። ኤርፖርት ተሳፋሪ አውርጄ ሻንጣ ላወጣ ስል የኋላውን በር በባዶ እጄ መንካት አልቻልኩም። ወዲያው ያሰብኩት ግን ስለ እጄ አይደለም። ከወለሉ ሥር ያለው ባትሪ እንዴት ሆኖ ይሆን አልኩ።

እዚህ ከተማ ታክሲና ኡበር የሚነዳ ሐበሻ ብዙ ነው። ፕለጊን ሃይብሪድ የሚወድም ብዙ ነው። ማታ ሶኬት ላይ ይሰካል። ጠዋት የመጀመሪያዎቹን 40 ወይም 80 ኪሎ ሜትር በመብራት ይሄዳል። ከዚያ ቤንዚኑ ይረከባል። ወጪው ይቀንሳል፣ መንገድ ላይ የመቅረት ስጋትም የለም። አስቸጋሪው ሰመር ሲመጣ ነው።

ሰው "የቱን ልግዛ?" ብሎ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ መኪናው አይደለም። "ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የት ነው የምታቆመው?" እላለሁ። ሙቀቱ ጣራ የሚነካው ያን ሰዓት አካባቢ ነው። መልሱ ከመኪናው ብራንድ በላይ ይወስናል። ፀሐይ ላይ ለሚያቆምና ቤቱ ሶኬት ለሌለው ሰው የሚሆነው መኪና ሌላ ነው። የራሱ ማቆሚያና ሶኬት ላለው ሰው የሚሆነውም ሌላ ነው።

ትንሹ ባትሪ ለምን ይበልጥ ይጎዳል?

የሊቲየም ባትሪ የሚመቸው ለሰው በሚመቸው ሙቀት ነው። ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ውስጥ ደስ ብሎት ይሠራል። ከዚያ ሲያልፍ ውስጡ ያለው ኬሚካል ሥራው ይፈጥናል፤ እርጅናውም አብሮ ይፈጥናል። ባለሙያዎች በግምት የሚይዙት መለኪያ አለ፦ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የእርጅናው ፍጥነት ወደ እጥፍ ይጠጋል። ጉዳቱ በአንድ ቀን አይታይም። ከሁለት ከሦስት ሰመር በኋላ "ድሮ 40 ኪሎ ሜትር ይወስደኝ ነበር፣ አሁን 30 ላይ ያልቃል" ማለት ስትጀምሩ ነው የሚገባችሁ።

ሙሉ ኤሌክትሪክ መኪና 60 ወይም 80 ኪሎዋት ሰዓት (የመብራት መጠን መለኪያ ነው) የሚይዝ ባትሪ ሊኖረው ይችላል። ሸክሙን ለብዙ ሴሎች፣ ማለት ባትሪው ለተሠራባቸው ትንንሽ ባትሪዎች፣ ያከፋፍላል። ከ2017 እስከ 2022 የተሠራው ቶዮታ ፕሪየስ ፕራይም ግን ያለው 8.8 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። ዳገት ላይ የሚጎትተው ያንኑ የመኪና ክብደት ነው። ሸክሙ በጥቂት ሴሎች ላይ ይወድቃል፤ እነሱም ይግላሉ። በዚያ ላይ እንደ እኛ ቀኑን ሙሉ ለሚነዳ ሰው በየቀኑ ከሙሉ እስከ ባዶ ይሠራል።

ባትሪው እንደ ሸክላ ምጣድ ነው ብላችሁ ያዙት። ቀስ ብሎ ይግላል፣ ቀስ ብሎ ይበርዳል። የሸቭሮሌ ቮልት ባትሪ ብቻውን ወደ 190 ኪሎ ይመዝናል። ያን ያህል ክብደት አንዴ ከጋለ፣ ፀሐይ ስለጠለቀች ብቻ አይበርድም። እንጀራው አልቆ ምጣዱ እንደሚቆየው ሁሉ፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ ቤት ስትገቡ አየሩ ቀለል ቢላችሁም ባትሪው የቀኑን ሙቀት እንደያዘ ነው።

ከተሳፋሪው ጋር አንድ አየር የሚተነፍስ ባትሪ

የመጀመሪያው ዓይነት ይህ ነው። የመኪናው የውስጥ አየር በማራገቢያ ተስቦ በባትሪው ላይ ያልፋል። ፓምፕ የለውም፣ ኩላንት (ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) የለውም። ያ የ2017–2022 ፕሪየስ ፕራይም፣ ፎርድ ፊውዥን ኢነርጂ፣ የመጀመሪያው ኪያ ኒሮ ፕለጊንና ሃዩንዳይ አዮኒክ ፕለጊን እንዲህ ናቸው። ያገለገለ ሲገዛ ዋጋቸው ደህና ነው። ቀላል ናቸው፤ የሚበላሽ ነገር ትንሽ ነው።

ድክመታቸው አንድ ነው፤ ግን ትልቅ ነው። ማራገቢያው ቀዝቃዛ አየር አይፈጥርም። ውስጥ ያለውን ነው የሚነፋው። ውስጡ 50 ዲግሪ ከሆነ ባትሪው ላይ የሚነፋው የ50 ዲግሪ አየር ነው።

በ2018 የታተመ አንድ ጥናት አለ። በአሪዞና ቴምፒ ከተማ፣ ከ38 ዲግሪ በላይ በሆኑ ቀናት፣ መኪኖችን ፀሐይና ጥላ ላይ አቁመው ለኩ። ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት የቆመ መኪና ውስጡ በአማካይ 47 ዲግሪ ገደማ ደረሰ። ዳሽቦርዱ 69 ዲግሪ ነካ። ጥላ ላይ የቆመው ግን ውስጡ ከ38 ዲግሪ አላለፈም። ጥናቱ የተሠራው መኪና ውስጥ ስለሚረሱ ሕፃናት አደጋ ነው፤ ያ ደግሞ ከየትኛውም ባትሪ በላይ የሚያሳስብ ጉዳይ ነው። ለእኛ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ግን ግልጽ ነው። ጥላ ብቻውን 9 ዲግሪ ያተርፋል። የውስጥ አየር ለሚተነፍስ ባትሪ ደግሞ 9 ዲግሪ ብዙ ነው።

የእኔ የመጀመሪያ ፕለጊን መኪና ከዚህ ዓይነት ነበረች። ኤሲ ካበራሁ በመብራት የምሄደው ኪሎ ሜትር ስለሚቀንስ፣ ተሳፋሪ በሌለበት ሰዓት አጥፍቼ መስኮት እከፍት ነበር። ቆጠብኩ ብዬ ነው። የኋላ ወንበር ላይ ደግሞ ልብሱን ከላብ ይጠብቅልኝ ብዬ ብርድ ልብስ አንጥፌ ነበር። ለካ የባትሪው አየር መሳቢያ ቀዳዳ ከኋላ ወንበሩ ሥር በጎን በኩል ነው። ብርድ ልብሱ ግማሹን ሸፍኖታል። በሁለተኛው ሰመር ማራገቢያው ቀኑን ሙሉ እየጮኸ መሥራት ጀመረ። መካኒክ ጋ ወስጄ ፊልተሩ ሲወጣ አቧራና የጨርቅ ብናኝ ደፍኖት አየሁ። ባትሪዬ ሁለት ሰመር ሙሉ ታፍኖ ነበር ማለት ነው። የጠፋው ኪሎ ሜትር አልተመለሰልኝም።

ስለዚህ ይህን ዓይነት መኪና ለያዘ ሰው ምክሬ የማያወላዳ ነው። ኤሲውን አታጥፉ። ኤሲው ለእናንተ ብቻ አይደለም፤ ለባትሪውም ነው። የአየር መሳቢያው የት እንዳለ መጽሐፉን ከፍታችሁ እዩ፤ ሻንጣ፣ ልብስ፣ የልጅ ወንበር አይክደነው። ፊልተሩን ሰመር ከመግባቱ በፊት አስጠርጉ። ውሻ የሚጭን ወይም አቧራ መንገድ የሚበዛበት ሰው በዓመት ሁለቴ ያስጠርግ። ፀሐይ ላይ ወደ ቆመች መኪና ስትገቡ መጀመሪያ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍታችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ ንዱ። የታፈነው አየር ይውጣ። ከዚያ ዝጉና ኤሲውን የውስጥ አየር ላይ አድርጉት።

እዚህ ጋ ሚትሱቢሺ አውትላንደርን ለይቼ ላንሳው። በ2018 ሞዴል አሜሪካ የገባው ፕለጊን አውትላንደር 12 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ አለው። እሱም በአየር ነው የሚቀዘቅዘው፤ ግን አየሩ በኤሲ የበረደ ነው። ከተራው ማራገቢያ አንድ ደረጃ ይሻላል።

ጭራሽ ምንም ማቀዝቀዣ ሳይኖረው ሲቀር ምን እንደሚሆን ያየነው ደግሞ በኒሳን ሊፍ ነው። ሊፍ ሙሉ ኤሌክትሪክ ነው፤ ፕለጊን ሃይብሪድ አይደለም። ባትሪው ማራገቢያ እንኳ አልነበረውም። በ2012 ሰመር አሪዞና ያሉ ባለቤቶች ባትሪያቸው በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ አቅሙ መውረዱን አስተዋሉ። ኩባንያው በኋላ ለአቅም መቀነስ የ5 ዓመት ወይም የ60,000 ማይል ዋስትና ጨመረ፤ ለ2015 ሞዴልም ሙቀት የሚችል አዲስ የባትሪ ኬሚስትሪ አወጣ። ቀዝቃዛ አገር ላይ ያው መኪና ከዚያ በተሻለ ቆይቷል። የለያቸው የኖሩበት ቦታ ነው።

በኩላንት የሚቀዘቅዝ ባትሪ

አሁን የምነዳው ሸቭሮሌ ቮልት ነው፤ ሁለተኛው ትውልድ። 18.4 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። አዲስ ሳለ በመብራት 85 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ ነው የተመዘነው። ማምረት የቆመው በ2019 ነው፤ ስለዚህ የሚገኘው ያገለገለ ብቻ ነው። ከሴሎቹ መሐል ስስ የአሉሚኒየም ሳህኖች አሉ። በእነሱ ውስጥ ኩላንት ይዞራል። ኩላንቱ ሲግል ወደ ራዲያተር ይሄዳል፤ ውጭው ራሱ በጣም ሲሞቅ ደግሞ የኤሲው ኮምፕረሰር ያበርደዋል። ቤተሰብ ለሚጭን ሰው ክራይስለር ፓሲፊካ ሃይብሪድም በኩላንት የሚቀዘቅዝ ነው፤ 16 ኪሎዋት ሰዓት አለው።

የዚህ ዓይነት ትልቁ ጥቅም መንገድ ላይ አይደለም። ሲቆም ነው። ሶኬት ላይ ከተሰካ፣ ባትሪው ሲግል መኪናው ራሱ ነቅቶ ያበርደዋል። የቮልት መጽሐፍ በጣም ሲሞቅና በጣም ሲበርድ ባትሪው ሞልቶ እንኳ ቢሆን መኪናውን ሰክታችሁ ተዉት ይላል። እኔም ኦገስት ላይ ከሰዓት በኋላ ቤት ተኝቼ ሳለ ማቀዝቀዣው ድንገት ሲነሳ ይሰማኛል። መጀመሪያ ሰሞን ደንግጬ ወጥቼ አየሁ። አሁን ድምፁ ያስደስተኛል። ያ ድምፅ የሚበላው መብራት ለዓመታት ባትሪውን የሚያቆይልኝ ነው።

ጉዳቱስ? ብዙ ዕቃ አለው። ፓምፕ፣ ቱቦ፣ የራሱ የኩላንት ዕቃ። የባትሪው ኩላንት የሞተሩ ኩላንት አይደለም፤ ተለይቶ ነው የሚቀመጠው። ከቀነሰ መኪናው ቻርጅ አላደርግም ሊል ይችላል። የቧንቧ ውሃ ጨምሮበት መቀጠል የለም። መጽሐፉ የሚያዘው ዓይነት ብቻ ነው የሚገባው፣ የሚያውቀው መካኒክ ነው የሚነካው። ርካሽ መካኒክ ፍለጋ ለሚዞር ሰው ይህ መኪና አይሆንም።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሶኬት ከሌላችሁ ከዚህ ጥቅም ግማሹ የለም። ያልተሰካ መኪና ፀሐይ ላይ ቆሞ ራሱን እንዲያበርድ ከራሱ ባትሪ ነው የሚበላው፤ ባትሪው ካለቀ ደግሞ አያበርድም። አፓርትመንት የሚኖሩና ቻርጅ የሚያደርጉት አልፎ አልፎ የሆነ ጓደኞቼ በኩላንት የሚቀዘቅዝ ነው ብለው ተጨማሪ ገንዘብ ሲከፍሉ አያለሁ። ያንን ገንዘብ ጥላ ያለበት ማቆሚያ ቢከራዩበት ይሻላቸው ነበር ብዬ አምናለሁ።

በኤሲ ጋዝ በቀጥታ የሚቀዘቅዝ

ሦስተኛው ዓይነት ኩላንት በመሐል የለውም። የኤሲው ጋዝ ራሱ ከባትሪው ሥር ባለ ሳህን ውስጥ ያልፋል። ቢኤምደብልዩ 330ኢ እንዲህ ነው። ቶዮታ ራቭ4 ፕራይምም፣ 18.1 ኪሎዋት ሰዓት ይዞ፣ በኤሲ ጋዝ ነው የሚያበርደው። የቻይናው ቢዋይዲ ዲኤም-አይ የሚላቸው ፕለጊኖችም ይህንኑ መንገድ ይከተላሉ።

ፈጣን ነው፣ ይቀዘቅዛል። ኤሲው ከተበላሸ ግን ባትሪውም ማቀዝቀዣ አጣ ማለት ነው። ስለዚህ ኤሲው ደከም ሲል "ሰመሩ ይለፍ" አይባልም። ጋዝ ይሞላ የሚል መካኒክ ስታገኙም ምን ዓይነት ጋዝና ዘይት እንደሚገባ ያውቅ እንደሆነ ጠይቁ። እነዚህ መኪኖች ኮምፕረሰራቸው በከፍተኛ ቮልቴጅ ነው የሚሠራው። የተሳሳተ ዘይት ከገባ ኮምፕረሰሩን ሊያበላሽ ይችላል።

በዋጋ ካልተቸገራችሁ፣ ቤታችሁ ሶኬት ካለና ሙቀት አገር የምትኖሩ ከሆነ፣ ከኩላንቱና ከጋዙ የቱንም ብትወስዱ አትሳሳቱም። በሁለቱ መሐል ያለው ልዩነት ከመኪናው አቆማመጥ ልዩነት ያንሳል።

የት ማቆም?

ፀሐይ ላይ ያለ አስፋልት የመጨረሻው ምርጫ ነው። ሰመር ላይ አስፋልቱ ራሱ ከ65 ዲግሪ ያልፋል። ባትሪው ደግሞ ከወለሉ ሥር ነው። ከላይ ፀሐይ፣ ከታች የጋለ አስፋልት።

የዛፍ ወይም የቆርቆሮ ጥላ ካለ፣ ትንሽ በእግር መሄድ ቢጠይቅም እሱን ውሰዱ። ነፋስ የሚያልፍበት ጥላ ከሁሉ ይሻላል። ፎቅ ማቆሚያ ካለ ደግሞ ጣራው ላይ አትውጡ፤ ታችኛው ወለል ላይ አቁሙ። ለኡበር ሥራ ተራ ስጠብቅ ሁልጊዜ የምፈልገው የሕንፃ ሥር ነው።

የቤት ጋራዥን በተመለከተ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጋራዥ ስል መጠገኛውን ሳይሆን ከቤት ጋር የተያያዘውን የመኪና ማቆሚያ ማለቴ ነው። ቀን ላይ ከፀሐይ ይከልላል፤ ጥሩ ነው። ማታ ግን የጋለ ሞተር ያለው መኪና አስገብታችሁ በሩን ወዲያው ከዘጋችሁ ክፍሉ እንደ መጋገሪያ ይሆናል። እኔ ስገባ በሩን ለአንድ ሰዓት ያህል ከታች በስንዝር ከፍቼ እተወዋለሁ። ሰፈሩ የሚፈቅድ ከሆነ ማታ ውጭ ማሳደር ከተዘጋው ጋራዥ ይሻላል። ሶኬቱ ያለው ውስጥ ከሆነና መኪናችሁ በኩላንት የሚቀዘቅዝ ከሆነ ግን ውስጥ ይሁን፤ ሶኬቱ ያሸንፋል።

መቼ ቻርጅ ማድረግ?

እዚህ ላይ ምርጫው ሁለት ነው፦ ቤት እንደገቡ ወዲያው፣ ወይም ለመውጣት ሲቃረብ። እኔ ሁለተኛውን ነው የምለው፤ በተለይ ባትሪው በአየር ለሚቀዘቅዝ መኪና። ባትሪው ከመንገድ የመጣው ግሎ ነው። ቻርጅ ሲደረግ ሌላ ሙቀት ይጨመራል። ከዚያ ሞልቶ፣ ግሎ፣ ሌሊቱን ያድራል። ሙሉ ሆኖ መጋል ደግሞ ባትሪ የማይወደው ነገር ነው። ላስ ቬጋስ ውስጥ በጁላይ የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት ራሱ ብዙ ጊዜ 28 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቀዝቃዛው ሰዓት ሊነጋ ሲል ነው። ቮልትም ፕሪየስ ፕራይምም የመውጫ ሰዓት ሞልታችሁ ቻርጁ እዚያ ሰዓት ላይ እንዲያልቅ ማድረግ ትችላላችሁ። እኔ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ስለምወጣ ቻርጁ 10 ሰዓት ተኩል ላይ እንዲያልቅ አድርጌዋለሁ። የሌሊት መብራት ዋጋ የሚረክስበት ውል ላላቸው ደግሞ ኪስም ይጠቀማል።

በኩላንት ለሚቀዘቅዝ መኪና እንደገባችሁ ስኩት፤ ቻርጁን ግን በሰዓት አቆዩት። ማቀዝቀዣው የግድግዳ መብራት አግኝቶ ይጠብቃል።

ከተራው 120 ቮልት ሶኬትና ከ240ው የቱ ይሻላል? ብዙ ሰው ቀስ ያለው ለባትሪ ይራራል ብሎ ያስባል። ለስልክ እውነት ሊሆን ይችላል። ለእነዚህ መኪኖች ግን የ240 ቮልቱ 3.3 ወይም 3.6 ኪሎዋት ለባትሪው ከባድ ሸክም አይደለም። ዳገት ላይ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይሰጣል። በተራው ሶኬት የሚገባው ከፍ ቢል 1.4 ኪሎዋት ነው። ሙቀት ላይ ማቀዝቀዣው ከዚያች ላይ ትልቅ ድርሻ ሊበላ ይችላል። ሸቭሮሌ ቮልት ደግሞ ሰው ካልቀየረው ተራው ሶኬት ላይ በ8 አምፔር ነው የሚጀምረው፤ 1 ኪሎዋት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በኩላንት ለሚቀዘቅዝ 240፣ በአየር ለሚቀዘቅዝ ደግሞ ሌሊት ከሆነ ሁለቱም ይሆናሉ።

"80 በመቶ ላይ ላቁመው ወይ?" የሚለውን ጥያቄ ቶሎ ልመልሰው። ይህ ምክር የመጣው ከሙሉ ኤሌክትሪክ መኪኖች ነው። ፕለጊን ሃይብሪድ ከላይም ከታችም የማይነካ መጠባበቂያ አለው። የመጀመሪያው ቮልት ከ16 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀመው ወደ 10 ተኩል ገደማውን ብቻ ነበር። "ሙሉ" ሲላችሁ እውነተኛ ሙሉ አይደለም። በመቶኛ ከመጨነቅ በሰዓቱ ላይ አተኩሩ።

ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ ገና እንደተሰካ ውስጡን በኤሲ አቀዝቅዙ። መብራቱ ከግድግዳ ስለሆነ ከኪሎ ሜትራችሁ አይቀነስም። በአየር ለሚቀዘቅዝ ባትሪ ይህ ድርብ ጥቅም ነው፤ ገና ሳትነሱ ቀዝቃዛ አየር ያገኛል።

መንገድ ላይ መብራት ወይስ ቤንዚን?

ከላስ ቬጋስ ሎስ አንጀለስ በአይ-15 የሚሄድ ሰው የቤከርን ዳገት ያውቀዋል። ሲመለሱ ከቤከር ወደ ላይ፣ ሞተር እንዳይግል ኤሲ አጥፉ የሚል ምልክት በመንገዱ ዳር ቆሟል። በሌላው አቅጣጫ ደግሞ የማውንቴን ፓስ ጫፍ 1,440 ሜትር ገደማ ነው። ይህን ዳገት በ45 ዲግሪ በመብራት ብቻ ለመውጣት መሞከር ባትሪውን ያለ ምክንያት ማስጨነቅ ነው።

ፕለጊን ሃይብሪድ ያላችሁ ሁለት ሞተር ስላላችሁ ነው፤ ተጠቀሙበት። ፕሪየስ ፕራይም ላይ ወደ ሃይብሪድ የሚቀይር ቁልፍ አለ። ቮልት ላይ ባትሪውን ለኋላ የሚያቆዩ "ማውንቴን ሞድ" እና "ሆልድ" አሉ። ከፍጥነት መንገዱና ከዳገቱ ፊት ወደ ቤንዚን ቀይሩ፤ መብራቱን ለከተማ አስቀምጡት። ከተማ ውስጥ ቆም ሂድ ሲበዛ ቤንዚን ነው የሚባክነው፤ ባትሪው ደግሞ እዚያ ብዙም አይጨነቅም።

ልግዛለት የምትሉት ዕቃ

የፊት መስታወት መከለያ ግዙ፤ ርካሽ ነው፣ ይሠራል። ለመስታወት የሚለጠፈው ጥቁር ፊልምም ጥሩ ነው፤ ግን የግዛታችሁን ሕግ እዩ። ሁለቱም ይበልጥ የሚጠቅሙት የውስጥ አየር ለሚተነፍስ ባትሪ ነው። ከዚህ ውጭ ያለውን፣ ባትሪ የሚያቀዘቅዝ ፈሳሽ፣ በሶላር የሚሠራ ትንሽ የመስኮት ማራገቢያ፣ እለፉት።

ያገለገለ ስትገዙ

የባትሪው መለኪያ የሚያሳየውን ኪሎ ሜትር አትመኑ። ያ ግምት ነው፤ የቀድሞው ሾፌር አነዳድ ይቀይረዋል። ከቻላችሁ ሙሉ ቻርጅ አስደርጉና ቤንዚኑ እስኪነሳ ንዱት። ቮልት ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደተጠቀመ በቁጥር ያሳያል፤ ያ ቁጥር ከግምቱ ይልቅ ስለ ባትሪው ጤና ይናገራል። በአየር የሚቀዘቅዝ ከሆነ የኋላ ወንበሩ አጠገብ ጆሯችሁን አስጠጉና ማራገቢያውን ስሙ። የመኪናውን ታሪክ የሚያሳይ ሪፖርት አውጡና የት ግዛት እንደኖረ እዩ። ሞቃቷ ፊኒክስ ስድስት ሰመር ያሳለፈና ቀዝቃዛዋ ሲያትል የኖረ አንድ ዓይነት መኪና፣ ማይላቸው እኩል ቢሆንም፣ ለእኔ እኩል አይደሉም። ለሲያትሉ ጨምሬ እከፍላለሁ። የሻሲ ቁጥሩንም የአሜሪካ መንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ያልተሠራ የፋብሪካ ጥሪ (ፋብሪካው ጉድለት አግኝቶ ለጥገና አምጡ ያለው) እንዳለበት አረጋግጡ፤ በነጻ ነው።

ወደ አገር ቤትና ወደ ባሕረ ሰላጤው

በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ፣ ከኢትዮጵያ ስለ ባትሪ የሚጠይቁኝ ዘመዶች በዝተዋል። አዲስ አበባ ላለ ሰው መልሴ አጭር ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ስለ ባትሪ ሙቀት ብዙ አያስጨንቅም። ለማቀዝቀዣው ዓይነት ብላችሁ ተጨማሪ ብር አታውጡ። ድሬዳዋ፣ ጋምቤላ፣ ሰመራ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። እዚያ ደግሞ ሙቀቱ ብቻ አይደለም፤ አቧራው ፊልተር ይደፍናል፣ መብራት ሲጠፋ የተሰካ መኪና ማቀዝቀዣም ይቆማል። ድሬዳዋ ላለ የአጎቴ ልጅ የነገርኩት፣ ግቢው ውስጥ ያለውን የዛፍ ጥላ ለመኪናው ስጠው፣ የአየር ፊልተሩን በየጥቂት ወሩ አስጠርግ ነው።

ዱባይና ዶሃ ያላችሁ ከእኛ የባሰ ነው የምትኖሩት፤ እርጥበቱ አለበት፣ ሌሊቱም አይበርድም። ለእናንተ የውስጥ አየር የሚተነፍሰውን ዓይነት አልመክርም። ኩላንት ወይም የኤሲ ጋዝ ይሁን፣ ማቆሚያውም ከሕንፃ ሥር።

የትም ብትሆኑ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ባትሪው ጋለ የሚል ማስጠንቀቂያ ከወጣ ጥላ ፈልጋችሁ ቁሙ። መኪናውን አታጥፉት፤ ኤሲው እየሠራ ይቆይ። የኋላ ወንበሩ አካባቢ ያለውን ዕቃ አንሱ፣ አየሩ ይሳብ። ውሃ አታፍስሱበት። ማስጠንቀቂያው ከጠፋ በቤንዚኑ ቀስ ብላችሁ ወደ ቤት ግቡ፤ ካልጠፋ፣ ወይም የሚያቃጥል ሽታ ወይም ጭስ ካለ፣ ሰዎቹን አውጥታችሁ ራቅ ብላችሁ እርዳታ ጥሩ።